የመኪና የኋላ መብራት ለምን ይደክማል?



ባለፈው ሳምንት በዚህ ዐምድ ስለ እጅ ባትሪ አንብበናል። ድንጋዩ አርጅቶ ሲፈስ ውስጥ ያለው ሞላ ይበላል። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ያወጣል። ከዚያ ወዲያ አዲስ ድንጋይ ቢገባም ባትሪው አይበራም። ዱቄቱ ሲፋቅ ግን ይበራል። ዛሬ ይኸው ነገር በመኪና የኋላ መብራት ላይ እንዴት እንደሚደርስ እናነባለን።

«መኪና ለሌለን ሰዎች ይህ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ይኖራል። መኪና ባይኖረንም እንሳፈራለን። እህላችንንና ከብታችንን እንጭናለን። ልጆቻችን ረዳት ሆነው ይሠራሉ። ስለዚህ ነገሩ የእኛም ነው።

በጨለማ ከኋላ የሚመጣ ሾፌር ከፊቱ መኪና መኖሩን የሚያውቀው በቀዩ መብራት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። አንድ ብለን ሁለት እስክንል 17 ሜትር አለፈ ማለት ነው። ቀዩ መብራት ከሌለ ሾፌሩ የሚያየን አጠገባችን ከደረሰ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ፍሬን ቢይዝም አይደርስም። በጭነት ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ምንም መከለያ የለውም።

ነገሩ እንዲህ ይጀምራል

እንበል፣ አንድ አይሱዙ ገበያ ውሎ ማታ ሊመለስ ነው። አንድ አባት ከኋላ ቆመው ያያሉ።

«ልጄ፣ የግራው መብራት እኮ የለም» ይሉታል ረዳቱን።

«አባባ፣ አምፖሉን ትናንት ቀይሬዋለሁ። ዛሬ ደግሞ ደከመ። ምን ላድርግ?» ይላል ረዳቱ።

ረዳቱ ገንዘብ አውጥቷል። መብራቱ ግን አልዳነም። ለምን? በሽታው አምፖሉ ላይ አልነበረምና ነው። በሽታው አምፖሉ የሚቀመጥበት ቤት ውስጥ ነው። እሱም እርጥበትና ዝገት ነው።

ውሃው በምን ይገባል?

መብራቱ ሲበራ በውስጡ ያለው አየር ይሞቃል። ሲሞቅ ይሰፋና በቀዳዳ ይወጣል። መብራቱ ሲጠፋ አየሩ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ ከውጭ እርጥብ አየር ይስባል። እርጥበቱ በቀዩ ክዳን ላይ እንደ ጤዛ ይቀመጣል። ቀላል ጤዛ ሆኖ መብራቱ ሲሞቅ ከጠፋ ችግር የለውም። ውሃ ሆኖ ከታች ከተጠራቀመ ግን ብልሽት አለ ማለት ነው።

ውሃው የሚገባው ብዙውን ጊዜ በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ክዳኑ ሲሰነጠቅ ነው። ሁለተኛው ጎሚኒው አርጅቶ ሲደርቅ ነው። ሦስተኛው ሽቦ በሚገባበት ቀዳዳ ነው።

የመንገድ ውሃ ንጹሕ አይደለም። ጭቃ አለበት። ከብት የጫነ መኪና ሲሆን ሽንት አለበት። ጨው የጫነ ከሆነም ጨው አለበት። እንዲህ ያለ ውሃ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ኤሌክትሪክና ቆሻሻ ውሃ አንድ ላይ ሲሆኑ ብረቱን ቶሎ ይበሉታል። መዳብ አረንጓዴ ያወጣል። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ዱቄቱ ኤሌክትሪክን ይከለክላል። ቦይ በደለል ሲሞላ ውሃው እንደሚቀንስ ሁሉ፣ ዝገት ሲበዛ ወደ አምፖሉ የሚደርሰው ኃይል ይቀንሳል።

ትንሽ ቢጎድል ብርሃኑ ብዙ ይጎድላል። 12 ቮልት የሚፈልግ አምፖል 10.8 ቮልት ብቻ ቢደርሰው፣ ከቮልቱ የጎደለው ከአሥር አንድ እጅ ነው። ብርሃኑ ግን ከአሥር ሦስት እጅ ገደማ ይቀንሳል።

ማሳ ምንድን ነው?

ይህ ማሳ የእርሻ ማሳ አይደለም። መካኒኮች «ማሳ» የሚሉት የኤሌክትሪክን መመለሻ ነው። ኤሌክትሪክ ከመኪናው ባትሪ በሽቦ ይሄዳል። አምፖሉን አብርቶ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። መሄጃው ደኅና ሆኖ መመለሻው ከዛገ መብራቱ ይደክማል ወይም ይጠፋል።

መመለሻ ያጣ ኤሌክትሪክ ዝም አይልም። የተዘጋ ቦይ ውሃ በጎን እንደሚሄድ፣ እሱም በሌላ አምፖል በኩል መንገድ ይፈልጋል። ስለዚህ እንግዳ ነገር ይታያል። ፍሬን ሲያዝ የኋላው መብራት መድመቅ ሲገባው ይደክማል። ፍሬቻ ሲበራ ሌላው መብራት አብሮ ብልጭ ብልጭ ይላል። ይህን ካያችሁ መጀመሪያ ማሳውን ጠርጥሩ።

እንዴት ይመረመራል?

ምርመራው ለሁለት ሰው ነው። አንዱ ጋቢና ይቀመጣል። ሌላው ከኋላ ቆሞ ያያል። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። የእጅ ፍሬኑም ይያዝ።

1. መጀመሪያ የኋላው መብራት ይብራ። ቀጥሎ ፍሬን ይያዝ። ቀጥሎ የግራና የቀኝ ፍሬቻ ይብራ። የትኛው እንደበራ፣ የትኛው እንደደከመ ይታይ።

2. ግራና ቀኝ አንድ ላይ ከጠፉ መጀመሪያ ቫልቮላው ይታይ። አንዱ ብቻ ከጠፋ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ወገን ነው።

3. መብራቱ ይጥፋ፤ አምፖሉም ይቀዝቅዝ። ከዚያ የግራው አምፖል ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ ይግባ። «የሞተው» አምፖል በሌላው ወገን ከበራ አምፖሉ ጤነኛ ነው። የታመመው ቤቱ ነው።

4. የአምፖሉ ቤት ውስጡ ይታይ። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካለ ውሃ ገብቷል። ፕላስቲኩ ከቀለጠ ወይም ከጠቆረ የላላ ወይም የዛገ መገናኛ አግሎታል።

5. ማሳው ይፈተን። ጫፍና ጫፉ የተላጠ ሽቦ ይያዝ። መብራቱ በርቶ እያለ አንዱ ጫፍ ቀለም የሌለውን የመኪናውን ንጹሕ ብረት ይንካ። ሌላው ጫፍ የአምፖሉን የጎን ብረት ይንካ። መብራቱ ወዲያው ከደመቀ በሽታው ማሳ ነው። ተጠንቀቁ! ሽቦው የአምፖሉን የታች ነጥቦች አይንካ። ከነካ ቫልቮላው ይቃጠላል።

ቁጥሩን አንብቡ

በአምፖሉ ብረት ላይ ጽሑፍ አለ። ፊደሉ የፈረንጅ ነው፤ ቁጥሩን ግን ሁላችን እናነበዋለን። 12 ወይም 24 የሚለው ቮልቱ ነው። 21/5 የሚለው ዋቱ ነው። 5ቱ ለተራው የኋላ መብራት፣ 21ዱ ለፍሬን መብራት ነው። 12 ቮልት ለሚሠራ መኪና የ24 አምፖል ቢገባ ብርሃኑ ደካማ ይሆናል። ዝገት ሳይኖር ዝገት ያለ ይመስላል። ለ24 ቮልት መኪና የ12 አምፖል ቢገባ ደግሞ ወዲያው ይቃጠላል። ስለዚህ አምፖል ከመግዛታችን በፊት የድሮውን ቁጥር እናንብብ።

እንዴት ይጸዳል?

መጀመሪያ ከመኪናው ባትሪ የኔጌቲቩ ሽቦ ይፈታ። ክዳኑ ተፈቶ ውሃው ይደፋ፤ ቤቱም በደንብ ይድረቅ። ዱቄቱ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፋቅ። ብረቱ እስኪያበራ ይፋቅ። የማሳው ብሎን ይፈታ፤ ሥሩ ያለው ቀለምና ዝገት ይጠረግ፤ ተመልሶም ይጥበቅ። ከዚያ ላዩ ላይ ግራሶ በስሱ ይቀባ። ግራሶ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሥራው ውሃን መከልከል ነው። ስለዚህ አይብዛ።

ሽቦው ውስጡ ጠቁሮ ከሆነ ቀዩ ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ይቆረጥ። መገጣጠሚያው በስታኞ ይበየድ፤ በናስትሮም ይጠቅለል። በመጨረሻ የተሰነጠቀው ክዳንና ያረጀው ጎሚኒ ይለወጥ። ውሃው የገባበት መንገድ ካልተዘጋ ዝገቱ ይመለሳል።

እነዚህን አናድርግ

ቫልቮላ ሲቃጠል በወፍራም ሽቦ ወይም በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት አንተካ። ቫልቮላ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። በላዩ 10 ከተጻፈ በ10 ይተካ፤ 15 ከተጻፈ በ15 ይተካ። አለዚያ መኪናው ከነጭነቱ ሊነድ ይችላል።

ከመብራቱ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ አንድፈን። የውሃ መውጫ ናት። ጭቃ ከዘጋት እንክፈታት።

እንደ አቼቶ የሚሸት ሲልከን ሽቦ አጠገብ አንቀባ። የሚወጣው አሲድ መዳቡን ይበላል።

መብራቱ ደክሞ እያለ «ቅርብ ነው፣ እንደርሳለን» ብለን በጨለማ አንሳፈር። ሾፌሩን እንጠይቅ። ጥያቄው ነውር የለውም፤ የምንጠይቀው ስለ ነፍሳችን ነው።

የቃላት ፍቺ

ማሳ፦ ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው የሚመለስበት የመኪና ብረት።
ቫልቮላ፦ ኤሌክትሪክ ሲበዛ ተቃጥሎ መስመሩን የሚያቋርጥ ነገር፤ ፊውዝም ይባላል።
ጎሚኒ፦ ውሃ እንዳይገባ በመገጣጠሚያ ላይ የሚደረግ የጎማ ማሸጊያ።
ናስትሮ፦ ሽቦ የሚጠቀለልበት የሚጣበቅ ጥቅል።

ጥያቄዎች

1. አዲስ አምፖል ገብቶም መብራቱ የሚደክመው ለምንድን ነው?
2. ፍሬን ሲያዝ የኋላው መብራት ቢደክም መጀመሪያ ምን ይጠረጠራል?
3. ግራሶ ለምን በስሱ ይቀባል?
4. በመጪው ገበያ ቀን ሾፌሩን አስፈቅዳችሁ የአንድ መኪና የኋላ መብራቶችን ለሁለት ሆናችሁ መርምሩ። ያያችሁትን በደብተራችሁ በሦስት መስመር ጻፉ፤ በክፍል ውስጥም ለጓደኞቻችሁ አንብቡላቸው።