የግቢውን ቧንቧ አትንቀሉብን

ሰሞኑን ሰፈራችን ውስጥ ግቢው ሁሉ ይቆፈራል። አሮጌው የብረት ቧንቧ ይወጣል፣ ጥቁሩ ፕላስቲክ ይገባል፣ በላዩ ላይ ሲሚንቶ ይፈሳል። እሰየው ነው! ዝገት ስንጠጣ የኖርን ሰዎች ይሄን አንቃወምም። እኔን ያንገበገበኝ ከአሮጌው ብረት ጋር አብሮ እየተነቀለ ያለው ነገር ነው። የግቢ ቧንቧ! ያ አጥር ጥግ ቆሞ ጀሪካን የሚሞላው፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ የሰርቪስ ቤት ተከራይ ሁሉ ፊቱን የሚታጠብበት ቧንቧ።

ብረቱ ለምን መውጣት እንዳለበት መጀመሪያ እንስማማ። ጋልቫናይዝድ የምንለው ቧንቧ የዚንክ ሽፋን አለው። ሽፋኑ እያለቀ ሲሄድ ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል፣ ዝገቱም እየተደራረበ ቀዳዳውን ያጠባል። የቀዳዳው አግድመት በግማሽ ሲቀንስ ውሃው የሚያልፍበት ቦታ ሩብ ብቻ ይቀራል። ፈረቃችን ደርሶ ቧንቧው ሲከፈት የመጀመሪያው ባልዲ ሻይ የሚመስለው ለዚህ ነው። ከዚህ የባሰም አለ። ፈረቃው ሲያልፍ ቧንቧው ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ቧንቧ ደግሞ በተሰነጠቀበት በኩል ዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል። ዙሪያው ያለው የሽንት ቤት ፍሳሽ ከሆነ የሚስበው እሱኑ ነው። ስለዚህ አዲሱን ቧንቧ በአሮጌው ቦይ መቅበር ቀላል ስለሆነ ብቻ አትቅበሩት፤ ከፍሳሹ መስመር አርቁት። (ዩቲዩብ ላይ ያሉት ፈረንጆች በጣም አጥልቀው የሚቀብሩት ውርጭ ፈርተው ነው። የኛ ጠላት ዶማና የመኪና ጎማ ነው። ግማሽ ሜትር ያህል ከተቆፈረ ለብዙው ግቢ ይበቃል።)

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የምኖርበት ግቢ ሲቆፈር ቆሜ አየሁ። የቧንቧ ሠራተኛው ከቆጣሪው ተነስቶ መስመሩን ወደ ትልቁ ቤት እየዘረጋ ነው።

«እትዬ፣ የደጁንስ የት ላውጣው?» አላቸው አከራያችንን።

«እሱን ተወው ልጄ፣ ቆጣሪዬን የጨረሰው እሱ ነው።»

«ተከራዮቹስ?»

«ሲፈልጉ አንኳኩተው ከኩሽና ይቀዳሉ።»

አምስት ቤተሰብ፣ አንድ ኩሽና፣ የሰው በር! ውሃ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። በሌሊት የማንን በር ነው የምናንኳኳው?

እውነት ለመናገር የአከራዮቹ ምሬት ከመሬት የተነሳ አይደለም። የአዲስ አበባ የውሃ ታሪፍ በእርከን የተሰራ ነው፤ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የኪዩቡ ዋጋ ይጨምራል። የታሰበው ብዙ ውሃ የሚያፈሰው ሀብታም ብዙ እንዲከፍል ነው። አንድ ቆጣሪ ላይ አምስትና ስድስት ቤተሰብ ሲንጠለጠልበት ግን ነገሩ ይገለበጣል። እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚጠቀመው ጥቂት ጀሪካን ነው፣ ድምሩ ግን ላይኛው እርከን ላይ ይወጣል። ለብቻው ቆጣሪ ያለው የቪላ ነዋሪ በርካሹ እርከን ሲታጠብ የሰርቪስ ተከራይ በውዱ ሂሳብ ይጠጣል። ይሄ ሊያስጮኸን የሚገባው አከራይንም ተከራይንም አንድ ላይ ነው። ቧንቧ መንቀል ግን ታሪፉን አያስተካክልም፣ ጭቅጭቁን ከደጅ ወደ ኩሽና ያስገባዋል እንጂ።

በዚያ ላይ አንዳንዱ አከራይ በጀሪካን ያስከፍላል። አንድ ኪዩብ 1,000 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 50 ጊዜ ይሞላል። ጀሪካኑ 5 ብር ቢባል ኪዩቡ 250 ብር ይሆናል ማለት ነው። ቢላችሁን አውጡና አስተያዩት፣ እኔ ምንም አልልም።

ይህች ከተማ መጀመሪያ ቧንቧ ያየችው በምኒልክ ዘመን ነው። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ በኩል ውሃ ወደ ቤተ መንግሥቱ አስገባ። ሕዝቡ ቦኖ ለማየት መጠበቅ ነበረበት። የግቢ ቧንቧ ማለት እንግዲህ በቦኖው ሰልፍና በኩሽናው መካከል ያለችው ደረጃ ናት፤ በዚች ከተማ ስንቱ ሰው ያደገባት ደረጃ!

ቴክኒኩም ቢሆን ለግቢ ቧንቧ ያደላል። ውሃ 10 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት አንድ ባር ያህል ግፊት ይፈልጋል። ፈረቃው በደካማ ግፊት ሲመጣ ማማ ላይ የተቀመጠው ሮቶ ጋ ሳይደርስ ይቀራል፣ መሬት ላይ ያለው የደጅ ቧንቧ ግን ይንጠባጠባል። ሌሊት ተነስቶ ባልዲ የደቀነ ሁሉ ይሄን ያውቃል። ስለዚህ የደጁ ቲ ከቆጣሪው በኋላ፣ ከሮቶው በፊት ይግባ። ፈረቃ በሌለበት ቀን እንዲሰራ ደግሞ ከሮቶው ሌላ መስመር አውርዳችሁ ከሱ ጋር አገናኙት፤ ሁለቱም የየራሳቸው መዝጊያ ይኑራቸው። ቆጣሪው አጠገብ ቼክ ቫልቭ አትርሱ፤ እሱ ከሌለ መንገዱ ላይ ግፊት ሲጠፋ የሮቶው ውሃ ወደመጣበት ይመለሳል። ጎማ የምትሰኩበት ከሆነም ጫፉን የልብስ ሳፋ ውስጥ ነክራችሁ አትተዉት፤ የሳሙናውን ውሃ መልሶ ወደ መስመሩ ሊስበው ይችላል።

ለሂሳቡ ጭቅጭቅም መላ አለው። የደጁ መስመር ላይ የራሱ ትንሽ ቆጣሪ ይገጠምበት፣ ተከራዩም የተጠቀመበትን ይክፈል። አከራይም «ጨረሳችሁኝ» አይልም፣ ተከራይም «በላኝ» አይልም፤ የወሩ መጨረሻ ላይ ቁጥሩን አብሮ ማንበብ ነው። እቃው ደግሞ አንድ ቲ፣ ጥቂት ሜትር ቧንቧ፣ ሁለት ሦስት መዝጊያና ቆጣሪዋ ናት። ጉድጓዱ ክፍት እያለ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሲሚንቶው ከፈሰሰ በኋላ ግን መስበሪያውም፣ መልሶ መለሰኛውም፣ የሠራተኛው ቀንም ይጨመርበታል፤ ያኔ «በኋላ እናስገባዋለን» ያለው አከራይ ሁሉ ይረሳዋል። ግቢያችሁ እየተቆፈረ ያለ ተከራዮች፣ ዛሬ ማታ ተሰብስባችሁ ጠይቁ።