የእናታችሁ ትከሻ ሲደርቅ፦ ሲሕር ከማለታችሁ በፊት ስኳሯን አስመርምሩ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



እናታችሁ ስትሰግድ አስተውላችኋት ታውቃላችሁ? ተክቢራ ስታደርግ አንዱ እጇ ትከሻዋ ድረስ ሲወጣ ሌላው ደረቷ ጋ ይቀራል? ሂጃቧን ለማሰር ታናሽ እህታችሁን ትጠራለች? ማታ በአንድ ጎኗ ስትገላበጥ አቃስታ ትነቃለች? ከመደርደሪያ ላይ ሰሐን ለማውረድ በርጩማ ላይ መውጣት ጀምራለች? እንዲህ ከሆነ ትከሻዋ እየደረቀ ሊሆን ይችላል። እናቶቻችን ደግሞ አይናገሩም። «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። አባቶችም ያው ናቸው። ኮታቸውን ሲለብሱ የታመመውን እጅ አስቀድመው ማስገባት የጀመሩበትን ቀን የሚያስታውስላቸው ሰው የለም።

ሐኪሞች ይህንን በሽታ ፍሮዝን ሾልደር ይሉታል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1934 ያወጣለት አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኤርነስት ኮድማን ነው። ቃሉ «የቀዘቀዘ ትከሻ» ማለት ስለሆነ እኛ አገር ሲደርስ «አላልኳችሁም? ብርድ ነው!» የሚለውን ወሬ አጠናከረው። ከብርድ ጋር ግን አይገናኝም። የትከሻችንን መገጣጠሚያ ዙሪያውን የሚሸፍነው ስስ ከረጢት መሰል ነገር አለ። መጀመሪያ እሱ ይቆጣል፣ ቀጥሎ ይወፍራል፣ ይኮማተራል፤ ክንዱ ከውስጥ እንደታሰረ ይሆናል። አጥንቱ አልተሰበረም፣ ነርቩም አልተበጠሰም።

ለመለየት የሚረዳ አንድ ቀላል ነገር አለ። ክርኗን ጎኗ ላይ አጣብቃ፣ ከክርኗ በታች ያለውን ክንድ እንደ በር ወደ ውጭ ትክፈት። በዚህ በሽታ ራሷም አትችልም፣ እናንተም በቀስታ ብትረዷት አይሄድም። የጅማት ችግር ሲሆን ግን ብዙውን ጊዜ በራሷ አቅም ያልተነሳው እጅ ሌላ ሰው ሲያነሳው ይነሳል። ይህ ሐኪም ቤት መሄድን አይተካም። ራጅ መነሳትም ያስፈልጋል፤ ራጁ በሽታውን ስለሚያሳይ ሳይሆን ሌላ ነገር አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነው። ትኩሳት ካላት፣ ትከሻዋ ከቀላና ካበጠ፣ ክብደቷ ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ወይም የግራ እጇ ሕመም ከደረት መጨነቅና ከላብ ጋር ከመጣ ነገሩ ሌላ ነውና በዚያው ቀን ውሰዷት።

በሽታው በብዛት የሚይዘው ከ40 እስከ 60 ዓመት ያሉ ሰዎችን፣ ከወንዶች ይልቅም ሴቶችን ነው። መጀመሪያ ሕመሙ ለወራት እየባሰ ይሄዳል፤ እንቅልፍ የሚነሳው ይህ ጊዜ ነው። ቀጥሎ ሕመሙ ቀለል ይልና ትከሻው ድርቅ ብሎ ይቀራል። በመጨረሻ ቀስ በቀስ ይፈታል። ይህ ሁሉ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ሊወስድ ይችላል። አብዛኛው ሰው ይሻለዋል፤ አንዳንዱ ላይ ግን የተወሰነ መገደብ ለዓመታት ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህ በሽታ ሁለት ጠባይ አለው፤ ቤታችንን የሚያምሱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። አንደኛ፣ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ምክንያት ይጀምራል። አልወደቀችም፣ አልተመታችም፤ አንድ ቀን ተነስታ እጇ አልታዘዝ አላት። ሁለተኛ፣ በአላህ ፈቃድ ብዙ ጊዜ በራሱ ጊዜ ይለቃል።

ምክንያት ሲጠፋ ሰው ምክንያት ይፈልጋል። «ማን ቤት ቡና ጠጣሽ? ማን ነው እጅሽን አይቶ ‹እንዴት ያለ ወርቅ ነው!› ያለሽ?» ይባላል። ከዚያ አንድ ሰው ሩቃ አደርጋለሁ ብሎ ይመጣና ሲሕሩን የሠራችው ጎረቤቷ ወይም የባሏ እህት መሆኗን ይናገራል። ትከሻው ከሁለት ዓመት በኋላ ሲፈታ የተቆረጠው ዝምድና ግን አይቀጠልም። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ለስለስ ብዬ መጻፍ አልፈልግም። ሲሕርም ዐይንም እውነት መሆናቸውን እናምናለን፤ ሩቃም ከሱና ነው። ነገር ግን ሰው እየጠቆመ ዘመድ ከዘመድ የሚያጋጭ፣ መድኃኒት አቁሚ የሚል፣ ሕመምተኛዋን በየሳምንቱ እያመላለሰ የሚያስከፍል ሰው ከሱናው ምን ይዟል? በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበውን የዑስማን ኢብን አቢል ዓስን (ረ.ዐ.) ሐዲስ ተመልከቱ። ሰውነቱን ያመመው ሶሐባ ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲነግራቸው፣ የገዛ እጁን ያመመው ቦታ ላይ አድርጎ አላህን እንዲለምን ነው ያስተማሩት። አስታራቂም አማላጅም፣ ክፍያም አልነበረበትም። እናታችሁ ይህን በየቀኑ በራሷ ማድረግ ትችላለች፤ ወደ ሐኪም ከመሄድም አያግዳትም። የገጠር ዐረቦች መጥተው «እንታከም ወይ?» ብለው ሲጠይቁም እንዲታከሙ ነው ያዘዟቸው፤ አላህ ከእርጅና በቀር መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለም ነግረዋቸዋል። ይህም በአቡ ዳዉድና በቲርሚዚ ተዘግቧል።

ሁለተኛው ጠባይ ይበልጥ ያታልላል። በሽታው በራሱ ጊዜ ስለሚለቅ፣ ሊለቅ ሲል አጠገቡ የተገኘው ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል። አንዷ በሒጃማ ዳንኩ ትላለች፣ ሌላዋ በጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ ሦስተኛዋ በወጌሻ፣ አራተኛው ደግሞ ውጭ አገር ሄጄ ነው ይላል። አንዳቸውም አይዋሹም። ነገር ግን በ18ኛው ወር የሄዱበት ሰው «ፈዋሽ» ሲባል፣ በ3ኛው ወር የሄዱበት «ገንዘብ በላ» ይባላል፤ ሁለቱ የሠሩት ሥራ ግን አንድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዚህ በሽታ ላይ «እገሌ ድኖበታል» የሚል ምስክርነት ብቻውን ምንም አይነግረንም። መጠየቅ ያለብን ጥያቄ ሌላ ነው፦ እንቅልፍ በሚነሳባቸው ወራት ሕመሙን ያቀልላል ወይ? ጉዳትስ አያመጣም ወይ?

በዚህ መለኪያ ወጌሻው የት ይወድቃል? በቀስታ ማሸት ለጊዜው ያስታግሳል፤ በዚያ ላይ ጠብ የለኝም። የሚያስፈራኝ «ትከሻሽ ወልቋል» ብሎ በጉልበት የሚጎትተው ነው። ትከሻው አልወለቀም። ዕድሜዋ የገፋና አጥንቷ የሳሳ እናት ስትጎተት ጅማት ሊበጠስ፣ የክንድ አጥንት ሊሰበር ይችላል። ሕክምና ሳያውቅ የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ በአቡ ዳዉድ፣ በነሳኢና በኢብን ማጃህ በተዘገበ ሐዲስ ተነግሮናል። «ሐኪሞችስ ይጎትቱ የለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ አንዳንዴ በሆስፒታል፣ ሕመምተኛው ሙሉ ማደንዘዣ ወስዶ፣ ጡንቻው ዘና ብሎ ይደረጋል። በርጩማ ላይ ተቀምጣ እየጮኸች ከመጎተት ጋር አንድ አይደለም። ባለሙያ በሚሠራው እንቅስቃሴ እንኳ ማስገደድ አይበጅም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ የኔዘርላንድ ጥናት 77 ሕመምተኞችን ተከታትሎ፣ ሕመሙ በፈቀደው ልክ ብቻ የተንቀሳቀሱት ሕመሙን አልፈው በጉልበት ከተሳቡት የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ስኳር። በዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ ሰው ካለ ይህንን ይያዝ። ፍሮዝን ሾልደር ስኳር ያለባቸውን ሰዎች ከሌላው ሰው በብዙ እጥፍ ይይዛል፤ ሲይዛቸውም ቶሎ አይለቅም። ብዙ ሰው ደግሞ ስኳር እንዳለበት ሳያውቅ ዓመታት ይኖራል። ትከሻዋ የደረቀ እናት ስኳሯ ተለክቶ የማያውቅ ከሆነ፣ ትከሻዋ ዓይኗንና ኩላሊቷን እንድታድን ቀድሞ እየነገራት ሊሆን ይችላል። ሐኪሙን በጾም የሚለካውንና የሦስት ወር ስኳር የሚባለውን ምርመራ ጠይቁት። የታይሮይድ ምርመራም አብሮ ቢታይ መልካም ነው፤ የታይሮይድ ችግርም ከዚህ በሽታ ጋር ይያያዛል።

ቀጥሎ መርፌው ነው። ሐኪሙ መገጣጠሚያው ውስጥ የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ፣ በተለይ ሕመሙ በሚብስበት በመጀመሪያው ጊዜ፣ ለሳምንታትና ለወራት እፎይታ ይሰጣል፤ እንቅስቃሴ ለመሥራትም ያስችላል። «መርፌ ትከሻ ያበላሻል» እየተባለ ይፈራል። በየጊዜው መደጋገሙ አይመከርም እንጂ በሠለጠነ ሐኪም፣ በንጽሕና የሚሰጥ አንድ ሁለት መርፌ የተለመደ ሕክምና ነው። ስኳር ያለባት ከሆነች ግን ለጥቂት ቀናት ስኳሯን ከፍ ስለሚያደርግ አስቀድማ ትንገረው፣ እናንተም ለኩላት። በየፋርማሲው ለወራት እየተገዛ የሚዋጠው የሕመም ማስታገሻ ጨጓራንና ኩላሊትን የሚጎዳ ሆኖ ሳለ ማንም አይፈራውም፤ ይህ ሁሌም ይገርመኛል።

ረመዳን ላይ ሲሆን «ጾሜ ይፈርሳል» ብላ መርፌውን የምታዘገይ እናት አለች። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ ምግብነት ያለው ፈሳሽ እስካልሆነ ድረስ በቆዳ፣ በጡንቻ ወይም በደም ሥር የሚሰጥ መርፌ ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል። ልቧ ካላረፈ ከኢፍጣር በኋላ ትወጋ። ዋናው ነገር ወሩ እስኪያልቅ በሕመም እንዳትቀመጥ ነው።

ስለ ቀዶ ሕክምናም ልበል፤ ምክንያቱም ጅዳ ወይም ዱባይ ያለች እህት ደመወዟን አጠራቅማ እናቷን ወደ ሕንድ ለመላክ የምታስብበት ቤት አለ። በብሪታንያ 35 ሆስፒታሎች 503 ሕመምተኞችን የተከታተለ ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ላንሴት ላይ ታትሟል። ጥናቱ ሦስት ሕክምናዎችን አወዳደረ፦ በማደንዘዣ ትከሻን ማላቀቅን፣ በትንሽ ቀዳዳ የሚደረግ ቀዶ ሕክምናን፣ እና ከስቴሮይድ መርፌ ጋር የሚሰጥ ፊዚዮቴራፒን። ከአንድ ዓመት በኋላ አንዱ ከሌላው ያን ያህል የሚበልጥ ሆኖ አልተገኘም። ከባድ ጉዳት በብዛት የታየው በቀዶ ሕክምናው በኩል ነበር። ቀዶ ሕክምና ቦታ የለውም እያልኩ አይደለም፤ በሌላው ለወራት ሞክረው ላልተፈቱ ሰዎች ይጠቅማል። ነገር ግን የእህታችሁን የዓመት ድካም ለአውሮፕላን ትኬት ከማዋላችሁ በፊት በቅርባችሁ ያለውን ፊዚዮቴራፒስት እዩ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎቹን ያሠለጥናል፤ በትልልቅ ሆስፒታሎችም ይገኛሉ።

እንቅስቃሴውን ባለሙያው አንድ ጊዜ ካሳያት በኋላ ሥራው የቤት ነው። በደህናው እጇ ጠረጴዛ ይዛ ጎንበስ ትበልና የታመመውን ክንድ ዘና አድርጋ ታንጠልጥለው፤ እንደ ገመድ ወዲያና ወዲህ፣ ከዚያም በትንሽ ክብ ታወዛውዘው። ግድግዳ ፊት ቆማ ጣቶቿን እንደ ሸረሪት ወደ ላይ ታስኪድ፤ የደረሰችበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉላት። መወልወያ እንጨት በሁለት እጇ ይዛ፣ በደህናው እጅ የታመመውን በቀስታ ወደ ውጭ ትግፋው። ከዚያ በፊት ትከሻዋን በሙቅ ውሃ ብታሞቀው ይቀላታል። ሰዓቱ እንዳይረሳ ከየሶላቱ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይሁን። ከሠራች በኋላ ሕመሙ ቶሎ ከበረደ ልኩ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ካመማት በዝቷልና በማግሥቱ ትቀንስ። ስትተኛ ከታመመው ክንድ ሥር ትራስ አድርጉላት።

አንድ የሚያሳፍር የሚመስል ነገርም ልንካ። የግራ ትከሻዋ የደረቀባት እናት ኢስቲንጃእ ለማድረግ እጇ አይደርስም። ይህን ለማንም መናገር አፍራ ጦሃራዬ አልተሟላም ብላ የምትጨነቅ አለች። ዑዝር ያለበት ሰው በቀኙ ቢጠቀም ነውር የለበትም። ተክቢራ ላይ እጅ ማንሳት ሱና እንጂ ሩክን አይደለም፤ የቻለችውን ያህል ብታነሳ ሶላቷ ሙሉ ነው። ዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ.) በሕመሙ ምክንያት ሲጠይቅ መቆም ካልቻለ ተቀምጦ፣ ካልቻለ በጎኑ እንዲሰግድ ነው የተነገረው፤ ቡኻሪ ዘግቦታል። ሱጁድ ላይ መዳፏን ማሳረፍ ካቃታት ለምታምኑት ኡስታዝ ጠይቁላት፤ እሷ ስለማትጠይቅ እናንተ ጠይቁ። ወላሁ አዕለም።

አንዱ ትከሻ ከዳነ በኋላ በሌላኛው የሚጀምራቸው ሰዎች አሉ። ያኔ እንደ መጀመሪያው ስድስት ወር «ብርድ ነው» እስክትል አትጠብቁ፤ ሂጃቧን ለማሰር እንደገና ሰው መጥራት የጀመረች ዕለት ውሰዷት።