ሐይቁ ራሱ ጭነት ሲሆን

መቀሌ፣ ሮማናት አደባባይ ዙሪያ ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ገብታችሁ ጨው ስትጠይቁ፣ ባለሱቁ ከሳሙናና ከክብሪት ጎን አንሥቶ ይሰጣችኋል። ዘይት ቢሆን የየት አገር እንደሆነ እንጠይቃለን፤ ጤፍ ቢሆን የአድኣ ነው የጎጃም እያልን እናማርጣለን። ጨው ግን ርካሽ ስለሆነ ከየትም የመጣ አይመስለንም። የዚህ ወር ወጋችን ስለ ጨው መንገድ ነው። የምንበላው ጨው ከሐይቅ ተጭኖ የሚመጣ ዕቃ ነውና መንገዱ የሚጀምረው ከውኃ ነው።

የሐይቅ ጭነት ሲባል አብዛኞቻችን ጣናን እናስባለን። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ማገዶ ከምሮ የሚቀዝፈውን የደንገል ታንኳ በዓይኑ ያላየ በፎቶ አይቶታል። ከጣና ከወጡት ጭነቶች ሁሉ እንግዳው ግን ራሱ ደንገሉ ሳይሆን አይቀርም። ኖርዌያዊው ተጓዥ ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት አስቦ፣ በፈረንጆቹ 1969 ለሠራት ጀልባ 12 ቶን ያህል ደንገል ከጣና አሳጭዶ ወደ ግብፅ አስወሰደ። ‹‹ራ›› የተባለችው ጀልባ በፒራሚዶቹ አጠገብ ተሠርታ ውቅያኖሱን ሳትጨርስ ተበታተነች። በዓመቱ የተሠራችው ‹‹ራ 2›› ግን ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች።

ለመቀሌ የሚቀርባት የጭነት ሐይቅ ጀልባ የለውም፣ አያስፈልገውምም። አሳሌ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ በአፋር ቆላ የተኛ የጨው ሐይቅ ነው። በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውኃ እዚያ ድረስ ይገባ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ ውኃው ሲተን ጨዉ ቀረ፤ ይህም ደጋግሞ ሆነ። የጨው ንጣፉ ውፍረት በአንዳንድ ቦታ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጎርፍ ሲወርድ ላዩ ላይ ስስ ውኃ ይተኛል፤ ሲደርቅ ሰውና ግመል ይሄድበታል።

ሥራው እንዲህ ነው። አንዳንዶቹ በረጃጅም እንጨት ንጣፉን ከሥሩ ፈልቅቀው ያነሣሉ፤ ሌሎቹ ቁጭ ብለው ቁራጩን እኩል እኩል ይጠርቡታል። የተጠረበው ጨው በልጥ ታስሮ ግመል ላይ ይጫናል። በትግርኛ አርሆ የሚባለው የጨው ጉዞ ከዚያ ተነሥቶ በበራህሌ በኩል ዳገቱን ይወጣል። ከመቀሌ ተነሥቶ ለሚመለስ ነጋዴ ደርሶ መልሱ ከሳምንት በላይ ይፈጅ ነበር። ጉዞው የሚደምቀው በበጋው ወራት ነው፤ ሰኔና ሐምሌ ሲመጣ ሙቀቱ ሰውንም እንስሳውንም አያስጠጋም።

እስቲ ይህን ከሌላ የጨው ሐይቅ ሥራ ጋር እናስተያየው። ካናዳ ውስጥ ጎደሪች የምትባል ትንሽ ከተማ በሂውሮን ሐይቅ ዳር አለች። ከሐይቁ ወለል በታች ከ500 ሜትር በላይ ወርዶ የሚቆፈር የጨው ማዕድን አላት፤ ሥራው የተጀመረው በፈረንጆቹ 1959 ሲሆን በዓለም ትልቁ የከርሰ ምድር ጨው ማዕድን ይባላል። ከላይ ወደቡ ላይ መርከብ ይጠብቃል። በእነዚህ ሐይቆች ላይ የሚሠሩ መርከቦች 25,000 ቶንና ከዚያም በላይ ይጭናሉ፤ ብዙዎቹም በራሳቸው ረጅም ክንድ መሰል ማጓጓዣ ጭነቱን ወደብ ላይ ይዘረግፋሉ። እነሱም የሚፈሩት ወቅት አላቸው። የእኛን ጉዞ የሚያቋርጠው ሙቀት ነው፣ የእነሱን በረዶ። ሐይቁ ሳይረጋ በፊት ጨዉ በየከተማው ወደብ ተራራ ሆኖ መከመር አለበት።

አሁን ሒሳብ እንሥራ፤ ልጆቻችሁም ሊሞክሩት ይችላሉ። አንድ ግመል 150 ኪሎ ተሸከመ እንበል። የ25,000 ቶን መርከብ ጭነት ለማንሣት ከ166,000 በላይ ግመል ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ግመል 3 ሜትር ብንሰጠው ሰልፉ 500 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ጅራቱ መቀሌ ሳለ ፊቱ ደሴን አልፏል።

የሚደንቀው ግን የጨዉ መጨረሻ ነው። በእነዚህ መርከቦች የሚሄደው ጨው አብዛኛው ድስት ውስጥ አይገባም። በክረምት አስፋልት ላይ የረጋውን በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ ይበተናል። በረዶው ሲቀልጥ ጨዉ በቦዩ፣ በወንዙ አድርጎ ተመልሶ ሐይቅ ይገባል፤ የሚቺጋን ሐይቅ ጨዋማነት ቀስ እያለ መጨመሩንም ተመራማሪዎች ለክተዋል። እነሱ መንገድ ላይ የሚደፉትን እኛ ገንዘብ አድርገነው ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አሞሌ በየገበያው እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግል፣ ከመገኛው በራቀ መጠንም ዋጋው እንደሚጨምር ጽፏል። ሩቅ የሚወስደው ሰው ድካሙን ራሱ ጨዉ ይከፍለው ነበር።

የአርሆ ጉዞ ሲነሣ ብዙ ሰው ፎቶውን አይቶ ይናፍቃል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ በነጩ ሜዳ ላይ የሚሄድ የግመል ሰልፍ በእርግጥ ያምራል። እኔ ግን ናፍቆቱ ብዙም አይዋጥልኝም። በዚያ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ጨው ለሚፈልጥ ሰው ሥዕሉ ሌላ ነው፤ እግሩ ይሰነጠቃል፣ ዓይኑ ይቃጠላል፣ የሚያገኘውም ጥቂት ነው። አስፋልቱ ወደ ቆላው ከወረደ ወዲህ ግመሎቹ ብዙ ጊዜ በራህሌ ላይ ለጭነት መኪና ያስረክባሉ። መኪናው ዳገቱን በሰዓታት ይወጣል። ይህ ለግመሉም ለሰውም እፎይታ ነው። ቅር የሚለኝ የባለግመሉ ነገር ነው፤ ከመንገዱ የተቀነሰው ቀን ከገቢውም ይቀነስበታል።

ይሁንና ዛሬ በላስቲክ ታሽጎ የምትገዙት ደቃቅ ጨው ከአሳሌ የመጣ ላይሆን ይችላል። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ አገሪቱ የምትበላው ጨው አብዛኛው የሚመጣው ከኤርትራ ጠረፍ፣ በተለይም ከአሰብ ነበር። በዚያ ዓመት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ መንገዱ ተዘጋ። ፊታችንን ወደ ሌላ የአፋር ሐይቅ፣ ወደ አፍዴራ አዞርን። አፍዴራም ከባሕር ወለል በታች ነው። ጨዋማው ውኃ በፓምፕ እየተሳበ ጥልቀት በሌላቸው ኩሬዎች ይተኛል፣ ፀሐይ ታተነዋለች፣ የቀረው ተጠርጎ ይከመራል፣ በጆንያ ሆኖ በከባድ መኪና ይወጣል። አንድ ሐይቅ ቀስ በቀስ በመኪና ተጭኖ ወደየጓዳችን ይሄዳል ማለት ነው።

ከአሰብ ጋር አብሮ የቀረ ሌላም ነገር ነበር፤ አዮዲን። የአሰቡ ጨው አዮዲን ይጨመርበት ነበር። አዲሱ የአፍዴራ ጨው ግን ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ይሸጥ ነበር። ደጋ አገር ላለ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ሲያጥበው አዮዲኑንም ይዞት ይሄዳል፤ እህሉም ጎመኑም አዮዲን ያንሰዋል። አንገት ላይ የሚወጣውን እንቅርት ሁላችንም እናውቀዋለን። የማይታየው ጉዳት ከዚያ ይብሳል፤ በእርግዝና ወቅት አዮዲን ያነሳት እናት የምትወልደው ልጅ የአእምሮ እድገቱ ሊጎዳ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር በቀን 250 ማይክሮ ግራም አዮዲን ይመክራል፤ ለሌላው አዋቂ 150። መጠኑ በዓይን የማይታይ ቢሆንም ከጨው ውጪ በብዙ ቤት የሚያገኙት ሌላ መንገድ የለም።

መንግሥት በፈረንጆቹ 2011 ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው 15 በመቶ በሚሆኑ ቤቶች ብቻ ነበር፤ በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ 89 በመቶ ደረሰ። በአምስት ዓመት ይህን ያህል የተለወጠ ነገር በጤናው ዘርፍ ብዙ አላውቅም። ሆኖም ‹‹አዮዲን አለው›› ማለትና ‹‹በቂ አዮዲን አለው›› ማለት አንድ አይደሉም። ጨዉ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ጆንያ ውስጥ ሆኖ በፀሐይና በእርጥበት መካከል ሲጓዝ፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሳምንታት ሲቀመጥ አዮዲኑ እየቀነሰ ይሄዳል።

የመጨረሻዋ የመንገዱ ክፍል ደግሞ በእናንተ እጅ ናት፤ ከሱቅ እስከ ድስት ያለችው። ጨው ስትገዙ የታሸገውን፣ አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን ምረጡ። ክፍት ጆንያ ውስጥ በጣሳ እየተሰፈረ የሚሸጠው ለኪስ ሊቀልል ይችላል፤ ልጅ ያለበት፣ በተለይም ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ግን በልዩነቱ ላይ ባይቆጥብ ይሻላል። ቤት ስትደርሱ ክዳን ያለው ደረቅ ዕቃ ውስጥ ገልብጡት፤ ከምድጃው ጎንና ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቁት። ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት፤ በርበሬው ውስጥ ቀድሞ የገባው ጨው ከሽንኩርቱ ጋር ረጅም ሰዓት ስለሚንተከተክ አትተማመኑበት። አዮዲን አለው ተብሎ ደግሞ እጅ አይበዛ፤ ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ይበቃዋል።

‹‹እናቴ በአሞሌ አይደል ያሳደገችኝ?›› የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ጣዕሙም ይለያል ይባላል። ግን እንደ ድንጋይ የተጠረበ ጨው ላይ አዮዲን ቢረጭ ከላዩ አልፎ ወደ ውስጥ እኩል አይገባም። አሞሌ ዛሬም ከብት የሚልሰው ጥሩ ጨው ነው። ገበያ ላይ ካገኛችሁት አንድ ግዙና ልጆቻችሁ በሁለት እጃቸው ያንሡት፤ ከዚያ ግመሉ ይህን የመሰለ ስንት ተሸክሞ ያን ዳገት እንደወጣ ይገምቱ።