ቁልቁለት የሚገልጠው

ወገኖች ሆይ፣ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ የምንመላለስ ሁላችን የዓባይን በረሃ እናውቀዋለን። ከደጀን እስከ ድልድዩ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ የአንዳንዱ መኪና ፍሬን ሲረገጥ ፔዳሉ ይሰምጣል፤ ጋራዥ ሲደርስ ግን ደህና ነው። መካኒኩ ሸራውንም ቱቦውንም ቢፈትሽ ምንም አያገኝም።

ችግሩ ያለው ዘይቱ ውስጥ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ እርጥበት ሲገባበት ግን ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ይፈላና እንፋሎት ይፈጥራል። እንፋሎት ስለሚታመቅ የእግራችን ኃይል ጎማው ጋር አይደርስም። ሲቀዘቅዝ ምልክቱ ይጠፋል።

የእኛም ልብ እንዲሁ ነው። እሁድ በጉባኤ መካከል ሰላም ነን፤ የሸሸግነው ቂም የሚፈላው ኑሮ ሲከብድ ነው። ዳዊት በመዝሙር 139 እግዚአብሔር ልቡን እንዲመረምርለት የለመነው፣ ሰው የራሱን ውስጥ አይቶ ስለማይጨርስ ነው።

ስለዚህ ያረጀ ዘይት ይዞ «ጌታ ይጠብቀናል» እያሉ ቁልቁለት መግባት በተሳፋሪ ነፍስ መቀለድ እንጂ እምነት አይደለም። እንጸልይ፤ ዘይቱንም በጊዜው እንቀይር፤ በከባድ ማርሽ እንውረድ። ቂማችንንም ቁልቁለቱ ሳይደርስ በንስሐ እናውጣው።

ጌታ መንገዳችሁን ይባርክ።