ከቆሼ እስከ ጉበታችን

ቆሼ ስንል አፍንጫችሁን የያዛችሁ ልቀቁት! የአዲስ አበባውን ቆሻሻ መጣያ አላልንም። የምናወራው ከቡታጅራ በስተምሥራቅ ስላለችው፣ የማረቆ በርበሬ ስለሚነገድባት ከተማ ነው። እናቶቻችን «የማረቆ ነው ወይ?» ሳይሉ ዛላ አይገዙም። እኛ ዛሬ አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ «ደርቋል ወይ?»

አትሳቁ፣ ጉዳዩ ካንሰር ነው።

የካንሰር ጂን ጥናት ሲነሳ አንዱ «የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» ይለናል። ሌላው «ማሽኑ ካልተገዛልን ምን እንሠራለን?» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

በርበሬ እርጥበት ይዞ ከተከመረ ይሻግታል። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ ጉበት ውስጥ ገብቶ ዲኤንኤ ላይ ይጣበቃል። በ1991 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በቻይናዋ ቺዶንግ ከተመረመሩ 16 የጉበት ካንሰር ዕጢዎች በ8ቱ፣ ሕዋስ እንዳያብድ የሚጠብቀው ቲፒ 53 የተባለ ጂን አንዲት ቦታ ላይ፣ ቁጥር 249 ላይ ተበላሽቶ ተገኘ። በደቡባዊ አፍሪካም ያው ተገኘ። ወንጀለኛው አሻራውን ጥሎ ሄዷል ማለት ነው!

ቺዶንጎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሻጋታ የሚያጠቃውን በቆሎ ትተው ወደ ሩዝ ዞሩ። በጉበት ካንሰር የሚሞተው ሰው ከ45 በመቶ በላይ ቀነሰ። ማሽን አይደለም ያዳናቸው፤ ገበታቸው ነው።

እኛስ? በ1996 በወጣ ጥናት፣ ከአዲስ አበባ ከተሰበሰቡ 60 የተፈጨ በርበሬ ናሙናዎች በ8ቱ መርዙ ተገኝቷል። ዝቅተኛው እንኳ በኪሎ 250 ማይክሮግራም ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት ለቅመም የሚፈቅደው 10 ነው። የማንንም አገር በርበሬ ስም እያጠፋን አይደለም፤ ሻጋታ አገር አይመርጥም። የድስት እሳትም አያጠፋውም።

«ገበሬውን እናስተምር» እንዳትሉን ብቻ! የሚሸጠው በሚዛን ነው፤ ውሃ ደግሞ ይመዝናል። አድርቆ ያመጣ ክብደት ይጎድልበታል፣ ዛላውም ይሰባበርበታል። ታዲያ ማን ካሰው? እኛ ቀለሙን አይተን ዋጋ እንከራከራለን።

ሌላም ዕዳ አለብን። ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ጉበት ላይ አፍላቶክሲን ሲጨመር አደጋው በብዙ እጥፍ ያድጋል። አዋቂ ሲያዝ ሰውነቱ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱን ያባርረዋል። ሲወለድ የተያዘ ሕፃን ግን፣ መከላከያው ገና ስላልበሰለ፣ ያለ ክትባት ከ10 9ኙ ይዞት ይኖራል። ክትባቱ በአገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ፣ ተመርምራችኋል?

የጂን ጥናቱ የድርሻውን ተናግሯል። የቀረው ማስጫ ሸራ፣ በየገበያው የእርጥበት መለኪያ፣ ለደረቀ በርበሬ የሚጨመር ዋጋ ነው። መንግሥት እስኪሰማ እኛ እንጀምር፤ ዛላውን አንስተን እንነቅንቀው። ካልተንኮሻኮሸ አንገዛም። ከተንኮሻኮሸ ግን፣ ወገን፣ ጥቂት ብር ጨምሩበት!