ክላርክ ኬንት የሌለው ቴዎድሮስ

ደብረ ታቦር ውስጥ ቴዎድሮስን ሆኖ ለመተወን የሚያስፈልገው ጉሮሮ ብቻ ከሆነ ሰንብቷል። ከጥቁር ክር የተገመደ ሹሩባ፣ የእንጨት ሽጉጥ፣ ጋቢ፣ ከዚያ ጩኸት! በወላጆች ቀን ልጁ ከመጋረጃው ብቅ ሲል ይጮኻል። እንግሊዝን ሲያነሳ ይጮኻል። ለተዋበች ፍቅሩን ሲገልጽ እንኳ ይጮኻል፤ ምስኪኗ ልጅ ደንግጣ ቃሏን ትረሳለች። ታዳሚው ያጨበጭባል። እኔ ጆሮዬን እይዛለሁ።

ነገሩን ያስነሳብኝ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን «ሱፐርማን» ሰሞኑን እንደገና ማየቴ ነው። «ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ ከሱሪው በላይ ፓንት ከሚደርብ ጎልማሳ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። ተናገሩ፣ አልቀየማችሁም። በቪዲዮ ቤቱ ዘመን የምናየው በረራውን ነበር፤ ተንጠልጥሎበታል የተባለውን ሽቦ ለማየት ዓይናችን እስኪቀላ እናፈጥ ነበር። ዛሬ በረራው አርጅቷል። ያላረጀው ትወናው ነው።

አንድ ቦታ ብቻ ልንገራችሁ። ጋዜጠኛዋ ሎይስ ሌን (ማርጎት ኪደር ናት) ወደ ውስጥ ገባ ስትል፣ ክላርክ ኬንት ሳሎን ውስጥ ብቻውን ይቀራል። እውነቱን ሊነግራት ቆርጧል። መነጽሩን ያወልቃል። የጎበጠው ትከሻ ቀና ይላል፣ ሰውዬው ዓይናችን እያየ ይረዝማል፣ የሚንተባተበው ድምፅ ይወፍራል። ልብስ አልቀየረም፣ የካሜራ ተንኮልም የለበትም። ከዚያ ድፍረቱ ይከዳዋል፤ መነጽሩን ይመልስና እንደገና ይሟሽሻል። ክሪስቶፈር ሪቭ ይባላል ተዋናዩ፤ ያኔ ብዙም የማይታወቅ ወጣት ነበር። በዚሁ ፊልም ታላቁ ማርሎን ብራንዶ ለጥቂት ደቂቃ ሥራ ሚሊዮኖች ተቆጥረውለታል፤ ስሙም ከሪቭ ቀድሞ ተጽፏል። ቃሉን ሳያጠና ተጽፎለት ያነብ እንደነበር ብዙ ተወርቷል። ግርማ ሞገሱ አይካድም፤ ነገር ግን ፊልሙን የተሸከመው ያ ጎባጣ ልጅ ነው። ሱፐርማንን የምናምነው ክላርክ ኬንትን ስላመንን ነው።

እንግዲህ ወደ እኛው ጀግና እንምጣ። ቴዎድሮስ መነጽር የለውም፤ ካሣ ግን አለው። በ1847 ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ከመድፋቱ በፊት የኮሶ ሻጭ ልጅ እየተባለ የተሰደበው ካሣ ኃይሉ የት ሄደ? የእኛ መድረክ ላይ ተወልዶ አያውቅም። ሰውየው ሲገባም ንጉሠ ነገሥት ነው፣ ሲወጣም ንጉሠ ነገሥት ነው።

ጋፋት አፍንጫችን ሥር ናት። ሴባስቶፖል የተባለው ሰባት ሺህ ኪሎ ግድም የሚመዝን መድፍ እ.ኤ.አ. በ1867 የተቀለጠው እዚያ ነው፤ የመጀመሪያው ሙከራ ከሽፎም ነበር። ከዚያ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ እስኪደርስ ስድስት ወር ያህል ፈጅቷል። በዚያ ጉዞ ንጉሡ ራሱ መንገድ ለመጥረግ ድንጋይ ይፈነቅል ነበር። ንገሩኝ እስቲ፣ ድንጋይ የሚፈነቅል ሰው ይጮኻል? ያቃስታል፣ ያልበዋል፣ ዝም ይላል። ሲነሳም ይህችን የራሱን መናገሻ፣ ደብረ ታቦርን፣ አቃጥሏት ነው የሄደው። የቤጌምድር ገበሬም በእነዚያ የመጨረሻ ዓመታት ከንጉሡ ጦር ያየውን መከራ አያቶቻችን ተርከውታል። የገዛ ከተማውን እሳት የለቀቀባት ሰው ፊት ምን ይመስል ነበር? ይህን ጥያቄ ከቴዎድሮስ ከተማ ልጅ የበለጠ ማን ሊተውነው ይችላል! ጩኸቱ ግን ጥያቄውን ያፍነዋል። ልጆቻችንም ትልቅ ሰው ማለት ሲቆጣ የሚያስፈራ ሰው ነው ብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ጥፋቱ የደራሲ አይደለም። ፍቃዱ ተክለማርያም (ነፍሱን ይማር፣ በ2010 አረፈ) በጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት ቴዎድሮስን ሲጫወት ነጎድጓድ ነበር፤ ነጎድጓዱ ግን ከዝምታ ይነሳ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት ነጎድጓዱን ቀድተው ዝምታውን ጣሉት። የካሴት ትርፉ ይሄ ነው።

አንድ የቴአትር ክበብ ኃላፊ ወጣት መምህር ይህንኑ ባነሳበት፣ «ጋሼ፣ ልጁ ዝም ካለ እኮ ሰው ቃሉ ጠፋበት ብሎ ይስቃል» አለኝ። ይሳቅ! ሪቭም መነጽሩን ሲመልስ ሰው ይስቃል፤ ሳቁ ግን ያዝናል።

ለሚመጣው የወላጆች ቀን ሽጉጡ ይቅር። ልጁ ድንጋይ ተሸክሞ ይግባ፤ ከካርቶን የተሠራ ሳይሆን ከጋፋት ሜዳ የተለቀመ እውነተኛ ድንጋይ። ከዚያ በኋላ ትንፋሽ ከተረፈው ይጩኽ።