ፊደል ቆጥረው ማንበብ ያልቻሉ ተማሪዎች
በ2002 ዓ.ም በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳን ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ መማሪያ መጻሕፍቱ ተከልሰዋል። ችግሩ ግን ከመጽሐፉ በፊት፣ ከፊደል ገበታው ይጀምራል። ሕፃናቱ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በኅብረት፣ በዜማ ይወርዱታል፤ መምህሩ «ቡ»ን ለብቻዋ ነጥሎ ሲጠይቅ ግን ከ«በ» ተነሥቶ ካልቆጠረ የማይደርስባት ብዙ ነው። ቃሉ በቃል ተያዘ እንጂ ቅርጹና ድምፁ አልተገናኙም።

ንባብን መውደድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ልጁ የሚያውቀው መጽሐፍ የሚፈተንበት ብቻ ከሆነ ለምን ይወደዋል? በሐዋሳ በአህያ ጋሪ የተረት መጻሕፍት ይዞ የዞረው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሕፃናትን የሳበው፣ በእኛ ግምት፣ ፈተና ስላልነበረው ጭምር ነው። ቤተ መጻሕፍት ባላቸው ትምህርት ቤቶችም ቢሆን የአንደኛ ክፍል ልጅ እጁ የሚደርስበት መደርደሪያ ብርቅ ነው።